ሰርቨራችሁ ጭነት ይችላል? አፓቼን፣ ኤንጂንኤክስንና ካዲን በሁለት ላፕቶፕ መፈተኛ መመሪያ

«ሲስተም የለም» ተብሎ ከመስኮት ያልተመለሰ ሰው ካለ ዕድለኛ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ሲስተሙ የትም አልሄደም። እዚያው አለ። ሰው በአንድ ጊዜ ሲጎርፍበት መፈናፈኛ አጥቶ ነው። ሰው ሲበዛበት ምን እንደሚሆን ቀድሞ ማወቅ ይቻላል። ውድ ዕቃም አይጠይቅም፤ ሁለት ላፕቶፕ፣ አንድ የኔትወርክ ኬብልና አንድ ነጻ ቅዳሜ ይበቃል።

ወሬው አየር ላይ እንዳይቀር አንድ ምሳሌ እንያዝ። ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ ኮሌጅ አለ እንበል። ዘንድሮ ምዝገባውን በድረ ገጽ ሊያደርግ ነው። ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ይከፈታል። ተማሪው ከሸዋ ሮቢት፣ ከደብረ ሲና፣ ከመሐል ሜዳ፣ ከዓለም ከተማ ስልኩን ይዞ ሰዓቷን ይጠብቃል። የኮሌጁ የአይቲ ልጆች ደግሞ በዌብ ሰርቨሩ፣ ማለትም ጥያቄ ተቀብሎ ገጹን በሚያድለው ፕሮግራም ምርጫ፣ መግባባት አልቻሉም። አንዱ «አፓቼ ምን አጠፋ?» ይላል። ሌላው ከኤንጂንኤክስ ወይ ፍንክች ብሏል። ሦስተኛዋ ካዲን ሞክራ ወዳዋለች። እንግዲህ ይፈተኑ።

ተፈታኞቹ

አፓቼ አንጋፋ ነው፤ በፈረንጆቹ ከ1995 ጀምሮ አለ። አሠራሩ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ፕሪፎርክ፣ ወርከር እና ኢቨንት የሚባሉ ሦስት ስልቶች አሉት። ፕሪፎርክ ለእያንዳንዱ ግንኙነት አንድ ሙሉ ፕሮሰስ (ለብቻው የሚሮጥ የፕሮግራሙ ቅጂ) ይመድባል። ኢቨንት በጥቂት ፕሮሰስ ውስጥ ጎን ለጎን የሚሠሩ ብዙ ስሬዶች ያሰማራል፤ ክፍት ሆነው ዝም ያሉ ግንኙነቶችን ደግሞ ሠራተኛ ስሬድ ሳያስይዝ ያቆያቸዋል። ኤንጂንኤክስን ሩሲያዊው ኢጎር ሲሶየቭ በ2004 ለሕዝብ ለቀቀው። ያኔ አንድ ማሽን 10,000 ግንኙነት በአንዴ እንዴት ይያዝ የሚለው የፕሮግራመሮች ራስ ምታት ነበር። አብዛኛውን ጊዜ በሲፒዩው ኮሮች ልክ ጥቂት ወርከሮች (ሠራተኛ ፕሮሰሶች) ይነሳሉ፤ እያንዳንዱ ብዙ ግንኙነት ይዞ ዝግጁ የሆነውን ብቻ ያስተናግዳል። ካዲ «ጎ» በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ የኤችቲቲፒኤስ (የተመሰጠረ ግንኙነት) ሰርተፊኬቱን ራሱ አውጥቶ ራሱ ያድሳል። ኖድ ጄኤስን ከእነዚህ ጋር አታሰልፉት። እሱ የጻፋችሁትን ፕሮግራም የሚያስኬድ ነው፤ ፋይል ማደል ዋና ሥራው አይደለም።

አንድ ነገር እዚህ ጋ ልብ በሉ። «አፓቼ ቀርፋፋ ነው» የሚባለው ወሬ በአብዛኛው የፕሪፎርክ ወሬ ነው። ገጾችን የሚያዘጋጀው ፒኤችፒ በሞጁል (በተቀጥላ) መልክ አፓቼ ውስጥ ሲጫን፣ ኡቡንቱ በሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ አፓቼ ወደ ፕሪፎርክ ይወርዳል። ከዚያ ሰው ያንን አፓቼ ፒኤችፒ-ኤፍፒኤም (ፒኤችፒን ከሰርቨሩ ውጭ ለብቻው የሚያስኬድ) ከሚጠቀም ኤንጂንኤክስ ጋር ያወዳድርና ፍርድ ይሰጣል። ይህ ሁለት ነገር በአንዴ ቀይሮ አንዱን መውቀስ ነው። የእናንተ አፓቼ በየትኛው ስልት እንደሚሠራ ለማየት ተርሚናል ላይ «አፓቼ2ሲቲኤል» ብላችሁ ሰረዝና ትልቁን ቪ ጨምሩ። «ሰርቨር ኤምፒኤም» ከሚለው ቀጥሎ የተጻፈው ነው። ፕሪፎርክ ካለ ፒኤችፒን ወደ ኤፍፒኤም አዛውሩና ወደ ኢቨንት ቀይሩት። ውድድሩ ያኔ ነው የሚጀምረው።

ደረጃ 1፦ ስንት ሰው እንደሚመጣ አስሉ

ይህን ዘልሎ ወደ ሙከራው የሚሮጥ ብዙ ነው። ከዚያ «በሰከንድ 9,000 አስተናገደ!» ብሎ ይፎክራል። 9,000 ለእናንተ ብዙ ነው ወይስ ትንሽ? ካላሰላችሁት አታውቁም።

3,000 ተማሪ አለ እንበል። አብዛኛው በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ይገባል። እያንዳንዱ 5 ገጽ ይከፍታል። አንድ ገጽ ሲከፈት ምስሉ፣ ስታይሉና ስክሪፕቱ ተደምሮ 8 ጥያቄ ወደ ሰርቨር ይልካል። 3,000 በ5 በ8 ሲባዛ 120,000 ጥያቄ ነው። በ600 ሰከንድ ስታካፍሉት በሰከንድ 200 ይመጣል። ግን ሰው እኩል ተከፋፍሎ አይመጣም፤ 2 ሰዓት ስትሞላ ነው የሚንጋጋው። የመጀመሪያዋን ደቂቃ አምስት እጥፍ አድርጋችሁ ያዙ። በሰከንድ 1,000 ጥያቄ። ከስምንቱ አንዱ ፒኤችፒና ዳታቤዝ የሚነካ ነው፤ ስለዚህ 125ቱ ከባድ፣ ቀሪው ቀላል ፋይል ነው።

እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ወረቀት ላይ ጻፉ፦ 1,000 እና 125። ከሥራቸው የማለፊያ ነጥቡን ጨምሩ፤ ለምሳሌ «ከመቶ ጥያቄ 99ኙ በ2 ሰከንድ ውስጥ ይመለስ»። ፈተናው ሳይጀመር የማለፊያ ነጥብ መወሰን ደግ ነው። በኋላ ሁሉም የሚወደውን ሰርቨር ለማሳለፍ መስመሩን ይጎትታል።

ደረጃ 2፦ ሜዳውን አዘጋጁ

አንዱ ላፕቶፕ ሰርቨር ይሁን፣ ሌላው ጭነት ላኪ። ሁለቱን ሥራ በአንድ ማሽን አታድርጉ፤ ላኪው ፕሮግራም ራሱ ሲፒዩ ይበላል፣ ከሰርቨሩ ጋርም ይሻማል። በኬብል አገናኟቸው። ዋይፋይ አንዴ ይፈጥናል አንዴ ይለግማል፤ በሞባይል ዳታ ከሞከራችሁ ደግሞ የለካችሁት የቴሌን መስመር ነው።

ኬብሉም ቢሆን ይታይ። ብዙ ርካሽ ራውተሮች መሰኪያቸው በሰከንድ 100 ሜጋቢት ብቻ ነው። ይህ ወደ ባይት ሲቀየር 12 ሜጋባይት ገደማ ነው። የምትሞክሩት ምስል 100 ኪሎባይት ከሆነ፣ ዓለም ላይ ያለ የትኛውም ሰርቨር በዚያ ኬብል በሰከንድ ከ120 ገደማ በላይ ሊልክ አይችልም። ሦስቱንም ፈትናችሁ ሦስቱም 118፣ 119፣ 118 ካመጡ «ለካ ልዩነት የላቸውም» አትበሉ። ኬብሉ ሞልቶ ነው። ላፕቶፕ ለላፕቶፕ በቀጥታ አገናኙና በአይፐርፍ3 ፍጥነቱን ለኩ። 1 ጊጋቢት ካገኛችሁ ለዚያው ምስል ጣሪያው ወደ 1,100 ይወጣል።

ሁለቱም ላፕቶፕ ቻርጀር ላይ ይሁን። በባትሪ ሲሆን ብዙ ላፕቶፕ ጉልበት ለመቆጠብ ሲፒዩውን ያዘገየዋል። መብራት ከሄደ ያን ዙር ጣሉት፤ «እስካሁን የመጣው ይያዝልኝ» የለም። ሙቀትም ጉዳይ ነው። ሲፒዩ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር የሚያልፈው ደብረ ብርሃን በዚህ በኩል ሳይከፈል የሚሠራ ማራገቢያ አለው። ይህንኑ ሙከራ ሸዋ ሮቢት ላይ ከሰዓት በኋላ ብታደርጉት፣ መጨረሻ የተፈተነው ሰርቨር በጋለ ማሽን ላይ ሮጦ ያለ ጥፋቱ ሊወድቅ ይችላል። መፍትሔው ተራ መቀያየር ነው። በመጀመሪያው ዙር አፓቼ ቢቀድም በሁለተኛው ካዲ ይቅደም። በዙሮቹ መካከልም ማሽኑን አሳርፉት።

ሳልረሳው፦ የራሳችሁ ያልሆነን ሰርቨር በፍጹም አትሞክሩ። የተከራያችሁትና ከሌሎች ጋር የምትጋሩት ሆስቲንግም ቢሆን ያው ነው። ያለ ፈቃድ የሚላክ ጭነት ጥቃት ነው፤ አካውንታችሁ ቢዘጋ አቤት የምትሉበት የለም።

ደረጃ 3፦ እኩል አሰልፏቸው

ሙከራው የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ነው። ሦስቱም ሰርቨሮች ሲጫኑ ይዘውት የሚመጡት አመል የተለያየ ነው።

ሎግን ውሰዱ። ኡቡንቱ ላይ አፓቼና ኤንጂንኤክስ የመጣውን ጥያቄ ሁሉ ሎግ ፋይል ላይ ይጽፋሉ። ካዲ ካላዘዛችሁት አይጽፍም። ስለዚህ ካዲ ሳይጽፍ ይሮጣል፣ ሌሎቹ እየጻፉ ይሮጣሉ። ወይ ሁሉም ይጻፍ ወይ ሁሉም ይተው። እኔ ሁሉም ይጻፍ ባይ ነኝ፤ ሰኞ ጠዋት ሎግ ሳትይዙ አትውሉምና። ካዲ ደግሞ የዶሜይን ስም ስትሰጡት ሳትጠይቁት ኤችቲቲፒኤስ ይከፍታል። ምስጠራ ሥራ ነው፣ በተለይ ግንኙነቱ ሲጀመር። አንዱ በምስጠራ፣ ሌላው ያለ ምስጠራ ከሮጠ ውጤቱ ዋጋ የለውም።

ቀጥሎ የግንኙነት ጣሪያ። በኡቡንቱ የአፓቼ ኮንፊግ (የማስተካከያ ፋይል) ላይ «ማክስ ሪኩዌስት ወርከርስ» 150 ነው። ኤንጂንኤክስ ላይ «ወርከር ኮኔክሽንስ» 768 ነው፣ ያውም ለእያንዳንዱ ወርከር። በአራት ኮር ማሽን ላይ ከ3,000 ያልፋል። 500 ግንኙነት ስትልኩ አፓቼ ቢያሰልፍ አትደነቁ፤ 150 ብቻ አስተናግድ ተብሎ ተነግሮታል። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ፈትኑ፦ መጀመሪያ እንደመጡ፣ ቀጥሎ ቁጥሮቹን አስተካክላችሁ።

አሁን ዋናው ጉድ። ኡቡንቱ ላይ ፒኤችፒ-ኤፍፒኤም ሲጫን «ፒኤም ማክስ ቺልድረን» የሚባለው ቁጥር 5 ነው። አምስት! በአንድ ጊዜ አምስት የፒኤችፒ ገጽ ብቻ ይሠራል ማለት ነው። አንዱ ገጽ 100 ሚሊሰከንድ ቢፈጅ አንዱ ሠራተኛ በሰከንድ 10 ገጽ ይጨርሳል፣ አምስቱ 50። እኛ የምንፈልገው 125 ነበር። ከፊት አፓቼም ይቁም ኤንጂንኤክስም ይቁም፣ ከ50 አያልፍም። የአይቲ ልጆቹ ሲከራከሩ የከረሙበት ሰርቨር ጥፋተኛ ሳይሆን ሊቀር ይችላል።

ቁጥሩን ዝም ብላችሁ 500 አታድርጉት፤ ራም ያልቅና ማሽኑ ይታነቃል። አንዱ የፒኤችፒ ፕሮሰስ 50 ሜጋባይት ቢይዝና ለፒኤችፒ የተረፋችሁ 2 ጊጋ ቢሆን፣ 40 ጣሪያችሁ ነው። ገጹ ጊዜውን የሚፈጀው ዳታቤዝ ሲጠብቅ ከሆነ ከ5 ወደ 40 ማውጣት በጣም ይረዳል። ሲፒዩ ሲፈጭ ከሆነ ግን አራት ኮር በሰከንድ ከ40 ገጽ በላይ አይፈጭም፤ ያኔ የሚስተካከለው ኮዱ ነው።

ለሙከራው ሦስት ነገር አዘጋጁ፦ 1 ኪሎባይት አካባቢ የሆነ ትንሽ ፋይል፣ 100 ኪሎባይት ምስል፣ እና እውነተኛው የምዝገባ ገጽ። ሦስቱም ሰርቨር ያንኑ ፋይል ከዚያው ፎልደር ያድል። አንዱ ሲፈተን ሌሎቹ ይጥፉ።

ደረጃ 4፦ ጭነት የሚልከውን ፕሮግራም ምረጡ

ኤቢ ለመጀመር ቀላል ነው። ከአፓቼ መገልገያዎች ጋር ይመጣል። ግን በአንድ ስሬድ ብቻ ይሠራል፤ ፈጣን ሰርቨር ፊት ራሱ ቀድሞ ይደክማል። ከተጠቀማችሁበት ሰረዝ ኬ ጨምሩ፤ ካልሆነ ለእያንዳንዱ ጥያቄ አዲስ ግንኙነት ይከፍታል።

እኔ ለቀላል ፋይል ደብልዩአርኬን እመርጣለሁ። አጻጻፉ እንዲህ ነው፦ የፕሮግራሙን ስም፣ ሰረዝ ቲ 4 ለስሬድ፣ ሰረዝ ሲ 100 ለግንኙነት፣ ሰረዝ ዲ 60ኤስ ለአንድ ደቂቃ፣ ከዚያ ሁለት ሰረዝ ሌተንሲ፣ መጨረሻ ላይ አድራሻው። ሌተንሲ የምትለዋን አትርሱ፤ እሷ ከሌለች የምላሽ ጊዜው ስርጭት ተዘርዝሮ አይወጣም።

ደብልዩአርኬ አንድ ጉድለት አለው። በአንድ ግንኙነት ላይ ለላከው ጥያቄ መልስ ሳያገኝ ቀጣዩን አይልክም። ሰርቨሩ ለ3 ሰከንድ ቢፈዝ ላኪውም አብሮ ይፈዛል። በእነዚያ 3 ሰከንዶች ሊመጡ የነበሩት ጥያቄዎች ስላልተላኩ መዘግየታቸውም አልተመዘገበም። ውጤቱ ከእውነታው ያማረ ይሆናል። የመሐል ሜዳው ተማሪ ደግሞ የደብረ ሲናው መልስ እስኪያገኝ አይጠብቅም፤ 2 ሰዓት ሲሆን ይነካዋል። ለምዝገባው ገጽ ስለዚህ በሰከንድ የተወሰነ ቁጥር ሳያቋርጥ የሚልክ መሣሪያ ያስፈልጋል። ደብልዩአርኬ2 ሰረዝና ትልቁን አር ተቀብሎ ይህን ያደርጋል። ኬ6 ደግሞ ገጽ መክፈት፣ ፎርም መሙላት፣ መላክ የሚል ሙሉ ጉዞ በጃቫስክሪፕት ያጻፋችኋል። ለኮሌጁ ኬ6 ይሻላል።

ደረጃ 5፦ ጭነቱን ላኩ

መጀመሪያ 30 ሰከንድ አሟሙቁና ውጤቱን ጣሉት። ከዚያ በ10፣ በ50፣ በ100፣ በ200፣ በ500 እና በ1,000 ግንኙነት እያንዳንዱን ለአንድ ደቂቃ ሩጡ። እያንዳንዱን ቢያንስ ሦስት ጊዜ ደግሙና መካከለኛውን ያዙ። ሦስቱ ውጤቶች በጣም ከተራራቁ ከጀርባ የሚሠራ ነገር አለ፤ ብዙ ጊዜ የኡቡንቱ አፕዴት ነው።

ወደ 1,000 ስትጠጉ «በጣም ብዙ ፋይል ተከፍቷል» የሚል ስህተት ሊመጣ ይችላል። ሊኑክስ አንድ ፕሮግራም የሚከፍተውን ፋይል በተለምዶ በ1,024 ይገድባል፤ ግንኙነትም እንደ ፋይል ይቆጠራል። በላኪው በኩል በ«ዩሊሚት ሰረዝ ኤን» ከፍ አድርጉት።

ሲሮጥ ሁለቱንም ስክሪን ተመልከቱ። ሰርቨሩ ላይ «ቪኤምስታት 1» ክፈቱ፤ በየሰከንዱ ሲፒዩውንና ራሙን ያሳያችኋል። ላኪው ላይ ቶፕ ክፈቱ። የላኪው ሲፒዩ ከሞላ የለካችሁት ላኪውን ነው፤ ያ ቁጥር አይመዘገብም።

ደረጃ 6፦ ደካማውን ኔትወርክ አምጡት

እስካሁን ያላችሁት በኬብል የተገናኘ፣ በሚሊሰከንድ የሚመልስ ደንበኛ ነው። እንዲህ ያለ ተማሪ የለም። ያለው ተማሪ ኔትወርክ አንድ መስመር ስትሆንበት ስልኩን ከፍ አድርጎ የሚይዝ ነው።

ሊኑክስ ኔትኤም የሚባል፣ ደካማ ኔትወርክን የሚያስመስል ነገር አለው። በ«ቲሲ» ትዕዛዝ በሰርቨሩ የኔትወርክ ካርድ ላይ 300 ሚሊሰከንድ መዘግየትና 1 በመቶ የፓኬት መጥፋት ጨምሩ። ከዚያ ኬ6 ላይ እያንዳንዱ ተጠቃሚ በገጽና በገጽ መካከል ጥቂት ሰከንድ እንዲያርፍ አድርጉ፤ ሰው ያነባል፣ ይጽፋል። ፍላጎቱ ካላችሁ አፓቼን ለዚህ ዙር ብቻ ወደ ፕሪፎርክ መልሳችሁ እዩት።

የሚሆነውን በወረቀትም ማየት ይቻላል። ብራውዘር በኤችቲቲፒ 1.1 ወደ አንድ ሰርቨር እስከ 6 ግንኙነት ይከፍታል። ፕሪፎርክ 150 ፕሮሰስ ብቻ ካለው 25 ተማሪ ይሞላዋል። ገጹ ወርዶ ካለቀ በኋላም አፓቼ «ምናልባት ሌላ ይጠይቅ ይሆናል» ብሎ ለ5 ሰከንድ ግንኙነቱን ክፍት ያቆየዋል። በፕሪፎርክ ያ ፕሮሰስ እነዚያን 5 ሰከንዶች ሥራ ፈቶ ይቀመጣል። 150 ለ5 ሲካፈል በሰከንድ 30 አዲስ ግንኙነት ቢበዛ ነው። ሲፒዩው 5 በመቶ ላይ እያዛጋ ተማሪው ውጭ ተሰልፏል። ኢቨንትና ኤንጂንኤክስ ላይ ግን ዝም ያለ ግንኙነት ትንሽ ራም ከመያዝ በቀር ማንንም አያስጨንቅም። በሰርቨሮች መካከል ያለው እውነተኛ ልዩነት የሚታየው በዚህ ዙር ነው፤ በፈጣን ኬብል ብቻ የሞከረ ሰው ግን ሳያየው ይቀራል።

ደረጃ 7፦ ቁጥሮቹን አንብቡ

ከፍጥነቱ በፊት ስህተቱን እዩ። ገጹ ጠፍቶ 404 የሚመልስ ሰርቨር እጅግ ፈጣን ነው፤ ምንም አይሠራማ። ደብልዩአርኬ ሲጨርስ «ኖን 2ኤክስኤክስ» የሚል መስመር ከጻፈ ያን ቁጥር አትመኑ። ኤቢ በበኩሉ የመልሱ ርዝመት ሲለያይ «ፌይልድ» ብሎ ይቆጥራል። የተማሪው ስም የሚቀያየርበት ገጽ ርዝመቱም ስለሚቀያየር፣ ያ ስህተት ላይሆን ይችላል።

አማካዩን እለፉት። የደብረ ብርሃንን ብርድና የሸዋ ሮቢትን ሙቀት ደምራችሁ ለሁለት ብታካፍሉ ደስ የሚል አየር ይወጣል፤ በዚያ አየር የሚኖር ሰው ግን የለም። የምታዩት ሁለት ቁጥር ነው፦ ግማሹ ጥያቄ በስንት ጊዜ ተመለሰ፣ ከመቶ 99ኙስ በስንት። በአማካይ 80 ሚሊሰከንድ እያሉ ከመቶ አንዱን 6 ሰከንድ የሚያስጠብቁ ሰርቨሮች አሉ። አንድ ገጽ 8 ጥያቄ ስለሚልክ ያች «ከመቶ አንድ» ከምታስቡት በላይ ብዙ ተማሪ ታገኛለች።

ከዚያ ግንኙነት ሲጨምር ፍጥነቱ መጨመር ያቆመበትን ቦታ ፈልጉ። ከ200 ወደ 500 ስትሄዱ በሰከንድ የሚስተናገደው ባለበት ቆሞ የጥበቃ ጊዜው ብቻ ካደገ፣ አቅሙ እዚያ ጋ ነው። ምን ገደበው? ሲፒዩ ሞልቶ ከሆነ ግልጽ ነው። ሲፒዩ ባዶ ሆኖ ከሆነ የሆነ ቦታ ወረፋ አለ፤ የፒኤችፒ ሠራተኞች፣ የዳታቤዝ ግንኙነት ወይም ኬብሉ። ኤንጂንኤክስ 504 ካመጣ ፒኤችፒው በጊዜው አልመለሰም ማለት ነው። 502 ካመጣ ፒኤችፒው ወድቋል ወይ በር ላይ መልሶታል።

ደረጃ 8፦ ወስኑ

በትንንሽ ፋይል ሦስቱም፣ አፓቼ በኢቨንት ከሆነ፣ ከኮሌጁ 1,000 በላይ መሄዳቸው አይቀርም። አብዛኛውን ጊዜ ኤንጂንኤክስ ይቀድማል፣ በራምም ቆጣቢ ነው። ግን 1,000 ለሚፈልግ ሰው የ8,000ና የ12,000 ልዩነት ምን ያደርግለታል? ያኔ ሌላ ነገር ይመዘናል። ሲስተሙ ኤችቲአክሰስ በሚባለው የአፓቼ የማስተካከያ ፋይል ላይ የተመሠረተ ከሆነ አፓቼን ያዙ፤ ኤንጂንኤክስ ያን ፋይል አያነበውም። ሰርተፊኬት ማደስ የሚያስታውስ ሰው ከሌለ ካዲ ዕረፍት ነው። ሌሊት ሲበላሽ ማን ተነስቶ ያስተካክላል፣ እሱስ የትኛውን ያውቃል የሚለውም ከፍጥነቱ ያላነሰ ይመዝናል። ሁለቱን ማጣመርም ይቻላል፤ ኤንጂንኤክስን ከፊት አቁማችሁ ቀርፋፋ ደንበኞችን እሱ ይያዝ፣ አፓቼው ከኋላ ሥራውን ይሥራ።

የመረጣችሁትን ይዛችሁ በእውነተኛው ሰርቨር ላይ፣ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ፣ ሰው በማይገባበት ሰዓት አንዴ ድገሙት። የሰርቨሩን ቨርዥን፣ የኮንፊግ ፋይሉንና ውጤቱን በአንድ ፎልደር አስቀምጡ፤ የሚቀጥለው ዓመት ሠራተኛ ያመሰግናችኋል። በመጨረሻም በ«ቲሲ» ያስገባችሁትን የ300 ሚሊሰከንድ መዘግየት በ«ዴል» አጥፉት። እሱን ረስታችሁ ሰኞ ከደረሰ፣ ሰርቨሩን ያንቀራፈፋችሁት እናንተው ናችሁ።